ዊንዶውስ 10 ጊዜው አለፈ ተባለ፤ እንቀይር ወይስ እንቆይ?

በዚህ ሰሞን የደረሱን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል የሚል መልእክት ብቅ ይላል። ሰው ይደነግጣል። ጎረቤት «ፎርማት አስደርገው» ይላል፣ ኮምፒውተር ቤቱ «ይሄማ አይሆንም፣ አዲስ ግዛ» ይላል፣ የአክስት ልጅ ደግሞ «ዝም በለው፣ ምንም አይሆንም» ይላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ማይክሮሶፍት ለእሱ ይሰጥ የነበረውን ነፃ የደህንነት አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ኮምፒውተሩ አይዘጋም፤ ነገ ጠዋትም ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያም። የቀረው ጥገናው ነው። ጣራው አሁን አያፈስም፣ ቀዳዳ ሲገኝ ግን መሰላል ይዞ የሚመጣ የለም። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 እንዲሁ ሆኖ ነበር። ያኔም ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ቀጠለ፣ ከዚያ በ2023 ክሮም «በዚህ ዊንዶውስ ላይ ከእንግዲህ አልታደስም» አለ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። አንድ ጊዜ ዱብ የሚል ነገር አይደለም፣ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ለመዘናጋት የሚመቸውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ።

«ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አምስት ኮምፒውተር አለን፣ ሁሉም ዊንዶውስ 10። ሒሳባችን ፒችትሪ 2010 ላይ ነው የሚሠራው። ሥራ አስኪያጃችን ቅዳሜ አንድ ልጅ አምጥተው ሁሉንም ወደ አዲሱ ዊንዶውስ 11 ሊያስቀይሩ ነው። ፒችትሪው እንቢ ቢል የስምንት ዓመት ሒሳብ ምን ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልከልክላቸው?» — ከአዳማ

እህታችን፣ አይከልክሏቸው። «ሁሉንም» እና «ቅዳሜ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ያስቀይሯቸው።

መጀመሪያ እሳቸው ለምን ልክ እንደሆኑ ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የሚባል ቫይረስ ተነሣ። ፋይል ይቆልፍና ለመክፈቻው 300 ዶላር በቢትኮይን አምጡ ይላል። ከ150 በላይ አገሮች ደረሰ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የሚያንገበግበው ግን ማይክሮሶፍት ያንን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ማርች ላይ ነበር። የተመቱት አፕዴቱን ያልጫኑ ናቸው። የእናንተ ሁኔታ ከዚያም ይብሳል፣ ምክንያቱም ነገ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ዊንዶውስ 10 ላይ ቢገኝ መድፈኛው ራሱ አይመጣላችሁም። በእነዚያ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ የባንክ ገጽ ይከፈታል፣ የታክስ ማሳወቂያ ይሞላል፣ የደንበኛ ውል ይቀመጣል። አምስቱ በኔትወርክ የተያያዙ ከሆነ አንዱ ሲበከል ሌሎቹም ተያይዘው ነው የሚሄዱት።

የእርስዎም ፍርሃት ትክክል ነው። ፒችትሪ 2010 የተሠራው ዊንዶውስ 7 ብቅ ባለበት ዘመን ነው። ስሙም ከተቀየረ ቆየ፣ ሴጅ 50 ተብሏል። ዊንዶውስ 11 ላይ ይሠራል ብሎ የሚፈርምልዎ የለም፣ እኔም አልፈርምም። ብዙ ቦታ ይሠራል፣ አንዳንድ ቦታ ያስቸግራል። ሲያስቸግር ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፒችትሪው አይደለም፤ ከሥሩ ፐርቬሲቭ የሚባል ዳታቤዝ አለ፣ እሱ ካልተነሣ ፒችትሪ አይከፈትም። ልጁ ይህን ካላወቀ «ፋይላችሁ ተበላሽቷል» ብሎ ያስደነግጣችኋል።

ሌላ ለልጁ ቀድመው የሚነግሩት ነገር አለ። አፕግሬድና ፎርማት አንድ አይደሉም። አፕግሬድ ሲደረግ ዊንዶውስ 11 ባለው ላይ ይጫናል፣ ፋይሉም ፕሮግራሙም ቦታው ላይ ይቀመጣል። ፎርማት ሲደረግ ሁሉም ይጠረጋል። ከዚያ ፒችትሪን ከዜሮ መጫን ይመጣል። ሲዲው የት ነው ያለው? ሲሪያል ቁጥሩስ? ያኔ የጫነላችሁ ልጅስ አሁን ካናዳ ነው ወይስ ዱባይ? ይህን ሁሉ ሳያጣሩ «ፎርማት» የሚለው ቃል በቢሮው ውስጥ እንዳይነሣ።

ፒችትሪ ውስጥ ፋይል የሚለው ገብተው ባክአፕ ያውጡ፣ ስሙ በፒቲቢ የሚያልቅ ፋይል ይሰጥዎታል። እሱ ብቻውን አይበቃኝም። የድርጅቱ ዳታ ያለበትን ፎልደር ሙሉውን ለብቻው ኮፒ ያድርጉ። ሁለቱንም በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አድርገው ዲስኩን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበት። ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይቆለፋልና። ከዚያ ደግሞ ባክአፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርገው በዓይንዎ ይዩት። ባክአፕ አለን ብለው ለዓመታት ተዝናንተው፣ ቀኑ ሲደርስ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ያገኙ ሰዎች አውቃለሁ።

ይህ ካለቀ በኋላ ፒችትሪ ካለባቸው ውስጥ ሥራው ቀለል የሚለውን አንድ ኮምፒውተር መርጠው አፕግሬድ ያስደርጉ። አንድ ሳምንት ይሥሩበት። ኢንቮይስ ያስገቡ፣ ሪፖርት ፕሪንት ያድርጉ፣ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩ። ከተስማማ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ዳታው የተቀመጠበት ዋናው ኮምፒውተር የመጨረሻው ይሁን። ካልተስማማ ደግሞ አፕግሬድ በተደረገ በ10 ቀን ውስጥ ሴቲንግስ ገብቶ ሪከቨሪ ውስጥ «ጎ ባክ» የሚለውን መጫን ነው፣ ወደ ዊንዶውስ 10 ይመልሳችኋል። 10 ቀን ካለፈ አሮጌውን ራሱ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ሙከራው ሳምንት እንዳይዘል። ሰኔ ላይ ሒሳብ እየዘጋችሁ ወይም በቫት ማሳወቂያ ሳምንት እንዳትጀምሩት ብል ሥራዎን ማስተማር ይሆንብኛል።

ፒችትሪው ጨርሶ እንቢ ካለ አንዱን ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ላይ ትታችሁ ኢንተርኔቱን መንቀል ነው። ሒሳቡ እዚያ፣ ኢሜይሉና ባንኩ በሌሎቹ። ድርጅቶች ለዊንዶውስ 10 አፕዴት እየከፈሉ መቀጠልም ይችላሉ፤ ዋጋው ለአንድ ኮምፒውተር የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፣ ሁለተኛው ዓመት እጥፍ፣ ሦስተኛው የእጥፉ እጥፍ። አምስት ኮምፒውተር በዛሬው ምንዛሬ አስሉት፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ እርስዎ ነዎት። በእኔ እምነት ግን ያን ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ፒችትሪውን ራሱን ለመተካት አውጡት። ጊዜው ካለፈ የቆየው እሱ ነው።

«ሰላም ነው? ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ፣ ሦስት ደስክቶፕ። እውነቱን ልናገርና ዊንዶውሳችን ክራክ ነው። 11 ብጭን ይያዝብኛል? ሌላው፣ የደንበኛ ጽሑፍ ሁሉ በቪዥዋል ግዕዝ ነው። አንዴ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ብሎ ወጣ። አፕግሬድ ባደርግ እንደዛ ሊሆን ነው?» — ከደሴ

ወንድሜ፣ እውነቱን ስለተናገርክ እኔም እውነቱን ልንገርህ። ማይክሮሶፍት ኮምፒውተርህን አይቆልፍብህም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ክራኩ በአፕግሬድ ይወድቅና ጥግ ላይ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፣ የስክሪኑን ምስል መቀየርም ይከለከላል። እንደዚያም ሆኖ የደህንነት አፕዴቱን ይወስዳል። ፈቃድ አለህ ማለት ግን አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ክራኩ ራሱ ነው። እነዚህ አክቲቬተር የሚባሉት ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚሉህ ምንድነው? «አንቲቫይረሱን አጥፋ።» በር ክፈትልኝ፣ ዘበኛውንም አሰናብትልኝ የሚል እንግዳ በለው። አንዳንዱ ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል፣ አንዳንዱ እዚያው ይቀመጣል። አንተ ዘንድ ደግሞ የሰፈሩ ፍላሽ ሁሉ ነው የሚሰካው። አንድ ኮፒ ቤት ከተበከለ ትምህርት ቤቱም፣ ዕድሩም፣ ቀበሌውም በማግስቱ ሾርትካት ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ሦስቱን ኮምፒውተሮች ለይልኝ፤ የደንበኛ ፍላሽ አንዱ ላይ ብቻ ይሰካ።

ክራክ ላይ ነኝ የሚል ብዙ ሰው ፈቃድ ያለው ኮምፒውተር ይዞ ነው የሚቸገረው። ዴል ወይም ኤችፒ ወይም ሌኖቮ ሆኖ ከነዊንዶውስ 10 የተሸጠ ከሆነ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። አንዱ ባለሙያ ፎርማት ሲያደርገው ሳያስፈልግ ክራክ ጭኖበት ሊሆን ይችላል። ሆምና ፕሮ የሚባሉ የዊንዶውስ ዓይነቶች አሉ፤ ቁልፉ የሆም ከሆነ ሆምን፣ የፕሮ ከሆነ ፕሮን ስትጭን ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል፣ ሳንቲም አትከፍልም። ይህን ሳትሞክር ቁልፍ ልግዛ እንዳትል።

አንድ ነገር ደግሞ እይ። ሴቲንግስ ውስጥ አባውት በሚለው ቦታ ሲስተም ታይፕ የሚል አለ። 32 ቢት ከሆነ አፕግሬድ የሚባል ነገር የለም፣ ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የግድ ከዜሮ ይጫናል። ያኔ አሮጌው ፕሪንተርህ የ64 ቢት ድራይቨር (ዊንዶውስንና ፕሪንተሩን የሚያግባባው ፕሮግራም) እንዳለው ከአምራቹ ገጽ ላይ ቀድመህ ተመልከት። ኮፒ ቤት ያለ ፕሪንተር ምን ሊባል ነው?

ወደ ፊደሉ። ቪዥዋል ግዕዝን የመሰሉት አሮጌ ፕሮግራሞች የተሠሩት የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ዓለም የራሱ ቦታ ሳይኖረው ነው። ዩኒኮድ የሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ የእኛን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዘዴ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ሥዕል ማስቀመጥ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው ሥዕሉ ይገፈፍና ዝብርቅርቁ ይወጣል። ስለዚህ ጽሑፍህ አልተበላሸም፣ ፎንቱን ስትመልስለት ይመለሳል። አፕግሬድ ከማድረግህ በፊት ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ገብተህ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶቹን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገልብጥ። የፕሮግራሙን መጫኛም አብረህ ያዝ። አፕግሬድ ብቻ ከሆነ ፎንቶቹ ይቀመጣሉ፣ ይህ ለጥንቃቄ ነው።

ኒያላ የሚባለው ፎንት ጠፋብኝ የሚል ቅሬታም ይመጣል። አልጠፋም። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ለብቻው የሚጨመር ሆኗል፤ ሴቲንግስ ላይ ኦፕሽናል ፊቸርስ ብለህ ፈልግና ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ የሚለውን ጫን። አዲስ የምትጽፈውን ግን እባክህ በዩኒኮድ ጻፍ። የአማርኛ ኪቦርዱ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ አለ፣ እጅህ ካልለመደው ኪይማን የሚባለውን በነፃ አውርድ። ቪዥዋል ግዕዝን አሮጌ ሥራ መክፈቻ አድርገህ አቆየው።

ሦስቱን ኮምፒውተር ለየብቻ ኢንተርኔት ላይ አታስወርድ፣ ፓኬጅህን ታቃጥላለህ። መጫኛው ከ5 ጊጋ በላይ ነው። ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ አንዴ አውርደህ 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ አድርገውና ለሦስቱም ተጠቀምበት። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ «የተስተካከለ ዊንዶውስ 11» የሚሉትን በሩቁ።

መብራቱንም አስብ። እኔ አንድ ምሽት የባትሪው ነፍስ የወጣ ላፕቶፕ ላይ አፕግሬድ ጀመርኩ። 62 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ስክሪኑ ላይ የተደረገው ለውጥ እየተሰረዘ ነው የሚል ጽሑፍ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቆመ፣ እኔም አብሬው ቆምኩ፣ ሻይ እንኳ አልጠጣሁም። ደግነቱ ወደ 10 ተመለሰ። ሁልጊዜ እንዲህ አይታደሉም። ደስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ተዋስ፣ ሰፈርህ መብራት የማይሄድበትን ሰዓት ታውቃለህ፣ እሱን ጠብቅ።

«የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለገባ ታናሽ ወንድሜ ያገለገለ ላፕቶፕ መላክ እፈልጋለሁ። ሰሞኑን በጣም ርካሽ የሆኑ ብዙ ላፕቶፖች አያለሁ። ልግዛ?» 

የረከሱት ወደው አይደለም። ድርጅቶች ዊንዶውስ 11 የማይቀበሉትን ላፕቶፖች እያራገፉ ነው። አንዳንዱ ማሽን እጅግ ደህና ነው፣ ግን ለአራት ዓመት ትምህርት የሚላክ ከሆነ ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል።

ኢንቴል ከሆነ ፕሮሰሰሩ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ይሁን። አነባበቡ ቀላል ነው፤ ኮር አይ5 ተብሎ ከሰረዙ በኋላ 8250 ካለ 8ኛ ነው፣ 6300 ካለ 6ኛ፣ 10210 ካለ 10ኛ። በኤኤምዲ በኩል ላፕቶፕ ከሆነ ከራይዘን 3000 ተከታታይ ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ ይሆናሉ። በሞዴሉ ስም ብቻ አትመኑ፣ ያው አንድ ሞዴል በ7ኛም በ8ኛም ጄኔሬሽን የተሸጠበት ጊዜ አለ። ቲፒኤም 2.0 የሚሉት የደህንነት ቺፕም ያስፈልጋል፣ እሱ በእነዚህ ሁሉ ላይ አለ፤ አንዳንዴ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ነው «አይቀበልም» የሚለው፣ ይከፈታል። ማይክሮሶፍት 4 ጊጋ ራም ይበቃል ይላል። አይበቃም። 8 ጊጋና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ፣ የማይሽከረከረው ዲስክ) ይኑረው፣ ከዚያ በታች ለወንድምዎ መከራ መላክ ነው።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ ከድርጅት ሥርዓት ያልተላቀቀ ላፕቶፕ ነው። ሲከፈት የሆነ ኩባንያ ስም ያመጣና በዚያ ኩባንያ ኢሜይል ግባ ይላል። ባሕር ዳር ላይ ማን ይፈታዋል? ከሻጩ ፊት ከዜሮ ሲነሣ አይተው ይረከቡ፣ የባዮስ ፓስወርድ አለመኖሩንም እንዲሁ። ሁለተኛው ክሮምቡክ ነው፣ ላፕቶፕ መስሎ ይታያል፣ ዊንዶውስ ግን አይደለም። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ በእኛ 220 ይሠራል፣ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይጨምሩለት።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ላፕቶፔ ኮር አይ3፣ 5ኛ ጄኔሬሽን፣ 4 ጊጋ ራም ነው። የማደርግበት ትዝታዬን መጻፍ፣ መዝሙር መስማት፣ ውጭ ካሉት ልጆቼ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ነው። ልጆቼ ጣለው ይሉኛል። አንድ ወጣት ደግሞ በዘዴ 11 እጭንልሃለሁ አለኝ። አንተ ምን ትላለህ?» — ከደብረ ማርቆስ

ጋሼ፣ አይጣሉት።

ወጣቱ የሚለው ዘዴ አለ፣ አልዋሸዎትም። የማይመጥን ኮምፒውተር ላይ ምርመራውን አሳልፎ 11ን መጫን ይቻላል። ችግሩ ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለው አፕዴት ለመስጠት ቃል አይገባም፣ በየዓመቱ አዲስ እትም ሲወጣም እንደገና በእጅ መጫን አለ። አፕዴት ፍለጋ ተብሎ አፕዴት ወደማያስተማምን ነገር መሄድ ነው። 4 ጊጋ ራም ላይ ደግሞ ይንቀራፈፋል፣ እርስዎም ይናደዳሉ።

ለእርስዎ የሚሻለው ይህ ነው። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች ተጨማሪ የአንድ ዓመት አፕዴት ሰጥቷል፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚቆይ። 30 ዶላር ነው፣ ነገር ግን በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ዊንዶውስ ባክአፕ የሚባለውን ካበሩ በነፃ ይሰጣል። የኮምፒውተርዎ ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው እትም፣ 22ኤች2 የሚባለው መሆን አለበት። ከዚያ ሴቲንግስ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ጋ ሲገቡ «ኢንሮል ናው» የሚል ይመጣል። ልጆችዎ በቪዲዮ እያወሩ በአሥር ደቂቃ ያሳዩዎታል፤ ጣለው ከማለት ይህን ቢያደርጉ ምናለ።

ሃርድ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ በኤስኤስዲ ያስቀይሩት፣ ራሙ የሚጨመር ከሆነም ወደ 8 ያሳድጉት። አዲስ የገዙ ነው የሚመስልዎ። ስለዊንዶውስ ቁጥር ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ይህን አንዱን ነገር ቢያደርግ ግማሹ ጥያቄ አይመጣልኝም ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሊኑክስ ሚንት የሚባል አለ፣ ነፃ ነው። 22 የሚባለው እትም እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይጠገናል። ፍላሽ ላይ አድርገው ሳይጭኑት መሞከር ይቻላል፣ ካልወደዱት ፍላሹን መንቀል ነው። ኢንተርኔት መክፈቻው ፋየርፎክስ አለው፣ በወርድ ፋንታ የሚጻፍበት ሊብረኦፊስ አለው፣ ቴሌግራም ይሠራበታል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ማይክሮሶፍት ኦፊስ ግን አይጫንበትም፤ ትዝታዎን ወርድ ላይ እየጻፉ ከሆነ ሊብረኦፊስ ይከፍተዋል፣ የገጽ አቀማመጡ ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል። ያ ትዝታ ስንት ቦታ ነው የተቀመጠው? አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ከሆነ ይህን ማንበብ አቁመው ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ይገልብጡት፣ ለአንዱ ልጅዎም በኢሜይል ይላኩለት። አንድ ወዳጄ ላፕቶፑን ለጥገና ሰጥቶ ሳይጠየቅ ፎርማት ተደርጎ መልሰውለታል፣ የእናቱ ፎቶዎች ሁሉ የነበሩበት። የጠገነው ሰው «ፍጥነት እንዲጨምር ብዬ ነው» አለ።

«ብሮ 11 ጭኜ ተናደድኩ። ስታርቱ መሃል ሄዷል፣ ራይት ክሊክ ሳደርግ የድሮው ዝርዝር የለም፣ ታስክባሩን ወደ ላይ ማውጣት አይቻልም። ልመልሰው?» — ከሐዋሳ

ስታርቱን ወደ ግራ መመለስ ይቻላል፣ ታስክባሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ታስክባር ሴቲንግስ ግባና አላይንመንት የሚለውን ሌፍት አድርገው። የራይት ክሊኩ ዝርዝር «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ውስጥ ነው፣ ሺፍት ይዘህ ብትጫንም ይመጣል። ታስክባሩ ላይ አንተም እኔም ሌላውም ተናደናል።

በዚህ ብቻ አትመልሰው። ዋይፋዩ እየተቆራረጠ ከሆነ፣ ድምፅ ከጠፋ ወይም የምትማርበት ሶፍትዌር እንቢ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ከላፕቶፕህ አምራች ገጽ ላይ ድራይቨሩን አውርደህ ሞክር። የጫንክበትን ቀን አልጻፍክልኝም፤ ወደ 10 መመለስ የሚቻለው ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ዘጠነኛው ቀን ላይ ከሆንክ ድራይቨሩን ዛሬ ማታ ሞክረው፣ ነገ ጠዋት ወስን።